የኦኬሎ የሕይወት ዋስ

ሲፈን ባለፈው ሐሙስ ከልምምድ ለምሳ ስትመለስ የቀኝ እጇ ጣቶች ሰማያዊ ሆነው ነበር። የልጄ ልጅ ናት፤ ሕግ ትማራለች፤ ዘንድሮ እዚሁ መቱ ፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ተመድባ ድሮ ከጎሬ ተጭነው የመጡትን ፋይሎች አቧራቸውን እያራገፈች ትደረድራለች። እኔ በረንዳው ላይ ጎደሬ እየላጥኩ ነበር። ጎንበስ ብላ ስትስመኝ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። የካርቦን ወረቀት ሽታ! ከስንት ዘመን በኋላ! የልጅቷን ጣቶች ይዤ ደጋግሜ አሸተትኩ። «አኮ፣ ምን ሆነሻል? እጄ እኮ ቆሻሻ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። በእኛ ቤት ሴት አያት አኮ ነው የምትባለው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ቀላቅለን ነው የምንኖረው።

«የሚያስቅ ነገር ላሳይሽ» አለችና ስልኳን አወጣች። ከአንድ አሮጌ ፋይል ውስጥ ያገኘችውን ወረቀት ፎቶ አንስታው መጥታለች። «ስሚ እንግዲህ፦ ‹ከላይ ስሙ የተገለጸውን ስደተኛ ኦኬሎን ተረክቤ፣ ሳይከሳ፣ ሳይታመም፣ ሳይጫንና ሳይጋለብ፣ ፍርድ ቤቱ በጠራኝ ቀን ከነሙሉ ጤንነቱ ላቀርብ ዋስ ሆኛለሁ።› ሰውዬውን እኮ እንደ በቅሎ ነው የተዋዋሉበት! እኛ ክፍል ውስጥ ስለ ስደተኛና ስለ ነዋሪ የአካል ደኅንነት ጥበቃ ስንት ገጽ እናነባለን፤ በእናንተ ጊዜ ግን ይኸው፣ ሳይጋለብ!» ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ከታች በግራ በኩል ትንንሽ ፊደል የለም?» አልኳት። ፎቶውን በጣቶቿ አሰፋችው። «አለ። ዘ.ወ. ይላል።» «ዘነበች ወልዴ ማለት ነው፤ አያትሽ።» ሳቋ ቀጥ አለ። የእኔ ልብ ግን እንደ ሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ይመታ ጀመር፤ ጎደሬውን ረሳሁት።

ያን ጊዜ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ጎሬ ነበረች። ኮረብታ ላይ ጉብ ብላ፣ ጠዋት ጠዋት በጉም ተሸፍና እስከ ሦስት ሰዓት የማትታይ፣ ጉሙ ሲገፈፍ ደግሞ ቆርቆሮዋ ሁሉ ባንዴ የሚያበራ ከተማ! ዛሬ ሚኒባሱ ከመቱ ወስዶ እዚያ ሲያወርደኝ መንገዱ ያጠረ፣ ቤቱም ያነሰ ይመስለኛል፤ ያኔ ግን ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ ከተማ አልነበረም። የአውራጃው ፍርድ ቤት ታይፒስት ነኝ፤ በጎሬ ደግሞ ሴት ታይፒስት እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ጉልበቴን የሚሸፍን ግራጫ ጉርድ ቀሚስ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ባለ አጭር ተረከዝ ጥቁር ጫማ። ዝናብ ሲሆን ጫማዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ በባዶ እግሬ እሮጥና ደጃፉ ላይ ታጥቤ እጫማለሁ፤ ያ ጫማ ጭቃ አይቶ አያውቅም። ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ከፓስቲ ጋር በዐሥር። ከሐጂ ሱቅ ሬዲዮው ይጮሃል፤ አዲስ ዘፈን የመጣ እንደሆነ የፍርድ ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር ሳምንቱን ሙሉ ያፏጨዋል። የጽሕፈት መኪናዬ ከባድ ብረት ነበረች። በአራት ወረቀት መሃል ሦስት ካርቦን አስገብቼ ስመታ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ ደጅ የሚጠብቀው ባለጉዳይ «ዘነበች ማዝነብ ጀመረች» ይል ነበር። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ጣቶቼን አይታ «ዛሬ ብዙ ሠርተሻል» ትለኛለች፤ ሰማያዊው በሎሚም አይለቅም ነበር።

በዚያ ሰሞን ከድንበር ማዶ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በጋምቤላ በኩል እየወጡ ወደ እኛ ከተሞች መምጣት ጀምረው ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ የገበርዲን ኮት ፋሽን የሆነበት ጊዜ ነው። አብዛኞቹ ቆላው ላይ ቀሩ፤ ጥቂቶቹ ዳገቱን ወጥተው ጎሬና መቱ ደረሱ። ኦኬሎ ከእነዚያ አንዱ ነው። በር ሁሉ የሚያስጎነብሰው ረጅም፣ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ልብስ ሰፊ። ከቤቱ ሲሸሽ ይዞ የወጣው ሁለት ነገር ነበር፦ ሚስቱን አጁሉንና የስፌት መኪናውን ራስ። የመኪናውን እግር እዚያው ጥሎት መጣ፤ ጎሬ ሲደርስ አናጢ የእንጨት እግር ሠራለት፤ ሐጂም የሱቃቸውን በረንዳ ሰጡት። ስድስት ወር ሳይሞላው ከተማው ሁሉ የእሱን ስፌት መልበስ ጀመረ። ያችን ግራጫ ጉርድ የሰፋልኝ እሱ ነው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከገበያ ለቅሞ ስለነበር «እህቴ፣ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ቀሚስሽ ደርሷል» ይለኝ ነበር።

ጣጣው የመጣው በኮት ነው። ግራዝማች ንጋቱን ጎሬ ውስጥ የማያውቃቸው አልነበረም፤ ግንባራቸው ሰፊ፣ ቁጣቸው ቅርብ፣ ነጭ በቅሏቸው ላይ ሲቀመጡ መንገዱ የሚጠብባቸው ሰው። ከአዲስ አበባ ትልቅ ባለሥልጣን ይመጣሉ ተባለና ግራዝማች ጥቁር ሰማያዊ ገበርዲን አስመጥተው ለኦኬሎ ሰጡት። ልካቸውን የወሰደው ሁዳዴ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። እንግዲህ የእኛ አገር ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ጾም ላይ ልክ ከተወሰደ ከጀርባ አራት ጣት ትርፍ ይታጠፋል፤ ለፋሲካ። ማንም አያስተምረውም፣ ማንም አይረሳውም። ኦኬሎ ግን ያደገው ሚሲዮን ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ሥጋና ቅቤ ትቶ በሁለት ሳምንት የሚክስ ሰው ገጥሞት አያውቅም። ልኩን እንዳገኘው ሰፋው። እንግዳው የመጡት ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ግራዝማች ከሰልፉ ወጡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እጅ ሊነሱ ጎንበስ ሲሉ ኮቱ ከአንገት እስከ ወገብ ጧ! ብሎ ተተረተረ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። መጀመሪያ እንግዳው ሳቁ፤ እሳቸው ከሳቁ ወዲያ ማን ይቀራል? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ሳቅኩ።

ግራዝማች አልሳቁም። የተቀደደውን ኮት እንደለበሱ ቀጥ ብለው ወደ ሐጂ በረንዳ ሄዱ፤ ገበያው ሁሉ እየሰማ «አንተን ሳልደፋ ይህን ኮት አላሰፋም፤ ሌላም አልለብስም! ንጋቱ ምሎ ቀርቶ አያውቅም!» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባው የተከፈተ ኮት ለብሰው ከተማውን ይዞሩ ጀመር። አሁን የሚስቅ ጠፋ፤ ኮቱ እስካልተሰፋ ድረስ መሐላው አለ ማለት ነውና። ሁሉም ኦኬሎን «ሽሽ» አለው። ሐጂ ስንቅ አዘጋጁለት፤ ሌላው ወደ ደምቢዶሎ የሚሄድ ነጋዴ ፈለገለት። አጁሉ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች።

አንድ ማለዳ የቢሮውን በር ስከፍት ኦኬሎ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። «እህቴ ዘነበች» አለኝ፣ «እኔ አንድ ጊዜ ሸሽቻለሁ። መሸሽ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ሁለተኛ አልሸሽም። በዚህ አገር ሰው ‹አትግደሉኝ› ብሎ የሚያመለክተው የት ነው?» እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም ነበር። «እዚህ ነው» አልኩት። ወንበር ሰጠሁትና ማመልከቻውን እሱ እየነገረኝ እኔ መታሁት፤ የማስመቻውንም አልተቀበልኩትም።

ነገሩ የሕይወት ዋስ ይባላል። አንድ ሰው «እገሌ ሊገድለኝ ዝቶብኛል፣ ለሕይወቴ እሰጋለሁ» ብሎ ካመለከተ ዳኛው የዛተውን ሰው ያስጠራውና «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ዋሱ ንብረቱን አስይዞ ይፈርማል፤ የዛተው ሰው እጁን ቢያነሳ የዋሱ ንብረት ይሄዳል። ዋስ ያጣ ደግሞ እስኪያገኝ ይታሰራል። በየሳምንቱ አንድ ሁለት አይጠፋም ነበር፤ ለስደተኛ ግን ተጽፎ አያውቅም። ሬጅስትራራችን ጋሼ መንገሻ ማመልከቻውን እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ አገላበጡት። «ጌታዬ፣ ይሄ ሰው የግብር ደረሰኝ የለው፣ ባላገር አይደል፤ የማን ዜጋ ተብሎ ነው መዝገብ የሚከፈትለት?» ብለው ዳኛው ዘንድ ገቡ። ዳኛው ቀጭን፣ ብርድ የማይስማማቸው፣ ሁልጊዜ በሹራብ ላይ ኮት የሚደርቡ ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን አወለቁ። «መንገሻ፣ ሕጉ ‹ማንም ሰው› ነው የሚለው። ይሄ ሰው አይደለም?» ጋሼ መንገሻ ኦኬሎን ከእግሩ ጀምረው እስከ ራሱ አዩት፤ ራሱን ለማየት አንገታቸውን ማንጋጠጥ ነበረባቸው። «ሰው ነው ጌታዬ» አሉ። «እንግዲያው ክፈትለት።»

የችሎቱ ቀን ጎሬ ሥራ ፈታች ብል አላጋነንኩም። ግራዝማች በተቀደደ ኮታቸው ገብተው ቆሙ። ዛቻውን ተጠየቁ። «ብያለሁ። የተናገርኩትን የምክድ ሰው አይደለሁም» አሉ። «እንግዲያው ዋስ ይጥሩ» አሉ ዳኛው። ግራዝማች ኮራ ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። በድግሳቸው ያልበላ፣ በቅሏቸውን ያልተዋሰ ማን አለ? አንዱ ጣራውን ማየት ጀመረ። አንዱን ያልነበረበት ሳል ያዘው። አንዱ ላሙ ልትወልድ መሆኑ ትዝ ብሎት ወጣ። ምን ያድርጉ? ግራዝማች ምለው እንደማይቀሩ የሚያውቅ ሰው እንዴት መሬቱን ያስይዝ? ሲብስ ዳኛው ብዕራቸውን አነሱና ዋስ እስኪጠሩ ይቆዩ ብለው ጻፉ። ግራዝማች ንጋቱ ለአንድ ስደተኛ ልብስ ሰፊ ሲባል ፖሊስ ጣቢያ ገቡ! ወሬው ከሰዓት በፊት መቱ ደርሷል። ሦስት ቀን ቆዩ፤ ሦስቱንም ቀን የጣቢያውን አጥር ሰበብ ፈልጎ ያላለፈበት ሰው የለም፤ እኔም አልፌያለሁ።

አራተኛው ቀን የገበያ ቀን ነበር። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ባለቤታቸው እትዬ ጌጤ ችሎት ገቡ፤ አጠር ያሉ፣ ደልደል ያሉ፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው የሚያስሩ ሴት። «ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ። ዳኛው ደነገጡ። «ሚስት ለባልዋ?» «መሬቱ የባሌ አይደለም። በኡካ በኩል ያለው ቡና አባቴ ያወረሰኝ ነው፤ ደብተሩም በስሜ ነው። ደግሞም ለባሌ አይደለም የምዋሰው፤ ለልብስ ሰፊው ነው።» ዳኛው ፈገግታቸውን በእጃቸው ሸፈኑና «ዘነበች፣ ቢሮ ሳይዘጋ ቶሎ ምቺው» አሉኝ።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። ጋሼ መንገሻ በቁም ጽሕፈታቸው የጻፉት የናሙና ደብተር ነበረን፤ የእያንዳንዱ ዋስትና ቃል በየገጹ ተጽፎ እኛ ስሙን እየቀየርን እንገለብጣለን። ያን ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዎች የሚካሰሱባት በቅሎ ፍርድ እስኪሰጥ ለአንድ ዋስ በአደራ ተሰጥታ ነበርና ደብተሩ የተከፈተው በበቅሎዋ ገጽ ላይ ነው። ታይፒስት ስትመታ አታነብም፤ ዓይኗ ያያል፣ ጣቷ ይሄዳል፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው። የእኔ ሐሳብ መስኮቱ ላይ ነበር። ሰው እርስ በርሱ ተነባብሮ «ዘኑ፣ ፍጠኚ! ዘኑ፣ ምን ይላል?» ይለኛል፤ እኔም ፈጠንኩ፤ እንደዚያን ቀን ፈጥኜ አላውቅም። ዳኛው ርቧቸው ላይና ታቹን አይተው ፈረሙ። እትዬ ጌጤ አውራ ጣታቸውን አተሙ። ግራዝማች ተለቀቁ፤ ሰዉ እልል አለ፤ ማንን ደስ እንዳለው ግን አልገባኝም።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ጌጤ ብቻቸውን መጡ። «ዘነበች፣ የንስሐ አባቴ ወረቀቱን አነበቡልኝ። ሳይጫን ይላል?» ተቀብዬ አነበብኩት። ቆሌዬ ተገፈፈ። «ማሎ፣ እባክዎ እትዬ! የበቅሎዋን ነው የገለበጥኩት! ግራዝማች በእጃቸው ጉዳት እንዳያደርሱበት ነው ማለት የነበረበት። አሁኑኑ ለጋሼ መንገሻ ነግሬ እቀይረዋለሁ።» እንባዬ መጣ። ከሥራ መባረሬ ነው፤ እናቴን የማበላው በዚያች ደመወዝ ነው።

እትዬ ጌጤን ግን ሌላ ነገር ይዟቸዋል። «ትክክለኛው በእጃቸው ብቻ ነው የሚለው?» «አዎ፣ በእጃቸው።» «ንጋቱ በእጁ ዶሮ አርዶ አያውቅም» አሉ። «ትናንት ከምሳ በኋላ ጠመንጃ ያዡን ጓሮ ወስዶ ሲያንሾካሹክ አይቼዋለሁ። ትክክለኛውን ብትጽፊልኝ ኖሮ ኦኬሎ እስከ ቅዳሜ አይቆይም ነበር፤ የንጋቱ እጅም ንጹሕ ነበር፣ የእኔም መሬት አይነካም ነበር።» ወረቀቱን በጣታቸው ነካ አደረጉና፣ «ይሄኛውስ? በሌላ ሰው እጅ ቢሆን? በወባ ቢሆን? ዛፍ ቢወድቅበት?» አሉኝ። «ይሄኛው… ጤነኛ ሆኖ ካልቀረበ፣ በምንም ይሁን በምን፣ መሬትዎ ይሄዳል እትዬ።» «ካንቺ ሌላ ያየው አለ?» «የለም።» «እንግዲያው አንቺም አላየሽ። እኔም ማንበብ አልችልም።» ወረቀቱን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና ወጡ። እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ።

በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት የንስሐ አባታቸውን ጠርተው ወረቀቱን ለባላቸው አስነበቡ። «ንጋቱ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምትበላው በዚህ ሰው ጤና ላይ ነው። አንተ ብትገድለው፣ ጠመንጃ ያዥህ ቢገድለው፣ እባብ ቢነክሰው ለእኔ አንድ ነው፤ የአባቴ ቡና ይሄዳል፣ አንተም በቅሎህን ሸጠህ ትኖራለህ» አሏቸው። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ሲነግሩኝ እንደ ልጅ እየሳቁ። ጠመንጃ ያዡ በማግስቱ እህል ጠብቅ ተብሎ ራቅ ወዳለው ገጠር፣ ወደ ዳሪሙ ተላከ። ኦኬሎና አጁሉ ደግሞ ተጠርተው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከማድቤቱ ጀርባ ያለችው ቤት ተሰጠቻቸው። ግራዝማች ጠዋት ከቤት ሲወጡ መጀመሪያ የሚያዩት እገድለዋለሁ ያሉትን ሰው ሆነ። አጁሉ እዚያው ወለደች፤ ሴት ልጅ፤ ስሟን ጌጤ አሏት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ጎሬ ለዓመታት ስትስቅበት ኖራለች። እትዬ ጌጤ ለኦኬሎ ጃንጥላ ገዙለት። ዛፍ ላይ እንዳይወጣ ከለከሉት። አንድ ቀን ገበያ ላይ ሐጂ ግማሽ ኩንታል ቡና ሊያሸክሙት ሲሉ «አይጫንም! ተፈርሞበታል!» ብለው ከሩቅ ጮኹ። ከሁሉ ያስቀኝ የነበረው ግን ቀበቶው ነው። ሳይከሳ የሚለውን እንዴት ይቆጣጠሩት? ኦኬሎ ቀበቶውን የሚቆልፈው ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ነበርና በየሳምንቱ ቅዳሜ አስቁመው «ስንተኛው ላይ ነው?» ይሉታል። «ሦስተኛው ላይ ነው እትዬ» ይላል እሱም ቀጥ ብሎ ቆሞ። ከስቶ ወደ ሁለተኛው ከገባ ዶሮ ይታረድለታል። ኦኬሎ በኋላ እንደነገረኝ አንዳንዴ ሆን ብሎ ያጠብቀው ነበር።

ቡና ሲደርስ ቤተ ሰቡ በሙሉ ኡካ ወርዶ ይሰነብታል። እትዬ ጌጤ ኦኬሎን ከዓይናቸው አርቀው ስለማይተዉት ከነመኪናው ይዘውት ሄዱ። እዚያ ነው ወባው የተነሳበት፤ ከቆላ ይዞት የመጣው አሮጌ ወባ። እኔ የማውቀው ከቢሮዬ መስኮት ያየሁትን ነው። ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣ መጀመሪያ የነጭ በቅሎ ጆሮ ታየኝ። በላይዋ ላይ ኦኬሎ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ እግሮቹ ረጅም ስለሆኑ መሬት ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። እትዬ ጌጤ ከጎን ደግፈውታል። ልጓሙን ይዘው ዳገቱን በእግራቸው የሚወጡት ግን ግራዝማች ንጋቱ ናቸው! ኮቱ ጀርባው እንደተቀደደ፣ ሸሚዙ በላብና በጉም ረጥቦ፣ የኦኬሎን ጥቅል ልብስ በትከሻቸው አንጠልጥለው። ሳይጫን ብዬ የጻፍኩለት ሰው በቅሎ ላይ ተኝቷል፤ የተጫኑት ግራዝማች ናቸው። መኪናዬን ትቼ ሮጬ ወጣሁ፤ ጋሼ መንገሻም፣ ዳኛውም ወጡ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስንደርስ የግራዝማች ድምፅ ጎሬን አናወጣት። «ሐኪም! ይሄ ሰው ቢሞት አንተን ሳልደፋ አልቀርም!» ዳኛው አጠገቤ ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ዘነበች፣ ናሙናውን አዘጋጂ፤ አሁን ደግሞ ለሐኪሙ ነው» አሉኝ። እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ስምንት ቀን ተኛ። ግራዝማች በየቀኑ ይመጡና አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ። ለመሬቱ ብለው ነው የሚል ብዙ ነበር፤ እኔም ግማሹን እቀበላለሁ። የጎሬን ዳገት ግን ለቡና መሬት ብሎ በእግሩ የሚወጣ ሰው አላውቅም፤ ሎሌ ሞልቷቸው። ኦኬሎ ሲነሳ ቀበቶው አንደኛው ቀዳዳ ላይ ደርሶ ነበር። እትዬ ጌጤ ይህን ሲያዩ አለቀሱ፤ በወር ውስጥ ወደ ሦስተኛው መለሱት።

ሐጂ በረንዳ ላይ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ቀን ግራዝማች መጡ። ለሻይ ወጥቼ ነበርና ቆሜ አየሁ። ገበያተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ግራዝማች ኮቱን አወለቁና የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጡት። «ልክ ውሰድ» አሉ። ኦኬሎ ሜትሩን ከአንገቱ አነሳ፤ ትከሻቸውን ለካ፣ ወገባቸውን ለካ፣ ከዚያ ቆም አለ። «ጌታዬ፣ ዛሬ ጾም ነው?» ግራዝማች አዩት። «የገና ጾም ነው።» «እንግዲያው አራት ጣት እለቃለሁ።» መጀመሪያ የሳቁት ግራዝማች ናቸው፤ ከዚያ በረንዳው፣ ከዚያ ገበያው። እኔ ሻዬ ብርጭቆው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ሳቅኩ።

ከዓመታት በኋላ ማዶ ሰላም ሆነ ተባለና ስደተኞቹ መመለስ ጀመሩ። ኦኬሎም ተነሳ። ዋስትናውን ለማሰረዝ ከእትዬ ጌጤ ጋር ጠረጴዛዬ ፊት መጡ፤ ፋይሉን አወጣሁ፤ ቀለሙን አቀረብኩ። እትዬ ጌጤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ እጃቸውን መለሱት። «እዚያ አገር ዋስ አለህ?» አሉት። «የለኝም እትዬ።» «ታዲያ ይህን ከሰረዝነው ከሳህ ወይ ብሎ የሚጠይቅህ ማን ነው?» «ይቆይ» አሉኝ፤ ፋይሉን ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ለዚህ ነው ሲፈን ባገኘችው ፋይል ውስጥ የመሰረዣ ትእዛዝ የሌለው።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መስቀል ሲሆን እትዬ ጌጤ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር ይይዛሉ። «ልብስ ሰፊውን ኦኬሎን ፈልገህ፣ ቀበቶህ ስንተኛው ላይ ነው ብላሃለች በልልኝ» ይሉታል። መልሱ ከሾፌር ወደ ሾፌር ተላልፎ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ይደርሳል፦ «ሦስተኛው ላይ ነው።» አንድ ዓመት ብቻ «አራተኛው ላይ ደርሻለሁ፤ ግራዝማችን መሰልኩ» ብሎ ላከ፤ ግራዝማችም ይህን ሰምተው ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ። ከዚያ ግራዝማች ሞቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ በክረምት እትዬ ጌጤም ተከተሏቸው። የዚያን ዓመት መስቀል በሐዘን አለፈና ሾፌር የያዘ ሰው አልነበረም።

ኅዳር ላይ አንድ ቆዳው በፀሐይ የጠቆረ ሾፌር ፍርድ ቤት መጥቶ «ዘነበች የምትባል አለች?» አለ። «ከማዶ አንድ ረጅም ሰውዬ ልኮኝ ነው። ‹ዘንድሮ ለምን አልተጠየቅኩም?› ብሏል።» ጣቶቼ ፊደሎቹ ላይ ደረቁ። የሆነውን ነገርኩት፤ ቆቡን አውልቆ ሰማኝና ሊወጣ በሩ ጋ ደረሰ። «ቆይ!» አልኩት፤ ተነስቼ ተከተልኩት። «ቀበቶህ ስንተኛው ላይ ነው በለው። ማን ነው የሚጠይቀው ካለህ፣ ዘነበች ናት በለው።»

ሲፈን ስልኳን ጭኗ ላይ ረስታው ነበር። «ታዲያ አሁንም አለ?» አለችኝ። ኦኬሎ አርፏል፤ ከሞተ አምስት ዓመት ሆነው፤ እስከ መጨረሻው ስጠይቀው ኖሬያለሁ፤ መንገድ በተዘጋባቸው ዓመታት ብቻ ነው የተቋረጠው። አሁን የምትደውለው ልጁ ጌጤ ናት፤ እዚያ ግቢ የተወለደችው፤ እሷም አያት ሆናለች። መስቀል በሆነ ቁጥር ስልኩ ይጮሃል፤ በዚያ በተቀላቀለው አማርኛዋ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች፦ መቀነትሽ ስንት ዙር ይዞርሻል? እኔም ቀጥ ብዬ ቆሜ እመልሳለሁ። ዘንድሮ ሁለት ዙር አልኳት። ዋሸኋት፤ ከስቼ ሦስት ከገባ ሰንብቷል። ሲፈን ይህን ስትሰማ ወገቤን አየች። የወደቀውን ቢላዋ አንስታ ጎደሬውን ልጣ ጨረሰችና ይዛው ወደ ጓዳ ገባች፤ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ምሳ አበላችኝ።